«ዘፈኑን ሳጠፋው ይሻለኛል»

«ጋሼ፣ ዘፈኑን ሳጠፋው ይሻለኛል እኮ።»

ይህን ያለችኝ የአክስቴ ልጅ ናት፤ 14 ዓመቷ ነው። የምታወራው እኔ ስለሠራሁት የሪትም ጌም ሌቭል ነበር። የሪትም ጌም ማለት ዘፈን እየሰማችሁ፣ ስክሪኑ ላይ የሚመጡትን ምልክቶች ከዘፈኑ ምት ጋር እኩል ጠቅ የምታደርጉበት ጨዋታ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ጌም እየተጫወተ «ዘፈኑ ሲጠፋ ይሻለኛል» የሚል ሰው ምን ይባላል? እኔ ሳቅሁ። «ተለማመጂ፣ ትለምጂዋለሽ» አልኳት። እሷም «እሺ» ብላ ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት አልከፈተችውም። ለእናቷ «እኔ ምት አይገባኝም» ብላ እንደነበር የሰማሁት ቆይቼ ነው።

ስለዚያ ሌቭል ከሰማኋቸው አስተያየቶች ሁሉ ትልቁን መረጃ የያዘው ያ የሳቅሁበት ነበር። ምት ያልገባው እኔ ነበርኩ። ይህን ለማወቅ ለምን ያን ያህል ጊዜ እንደፈጀብኝ ላስረዳችሁ። ትንሽ ሒሳብ አለው፤ ግን ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም።

ጌሙ ኦሱ ይባላል። ዲን ኸርበርት የተባለ አውስትራሊያዊ ፕሮግራመር በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ስክሪኑ ላይ ክቦች ብቅ ይላሉ፤ በእያንዳንዱ ክብ ዙሪያ ደግሞ ትልቅ ቀለበት እየጠበበ ይመጣል። ቀለበቱ ክቡ ላይ ሲያርፍ ጠቅ ታደርጋላችሁ። ሌቭሎቹን የሚሠሩት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው፤ ኤዲተሩ ከጌሙ ጋር አብሮ ይመጣል። ዘፈን ታስገባላችሁ፣ የምቱን ፍጥነትና መነሻውን ትነግሩታላችሁ፣ ከዚያ ክቦቹን አንድ በአንድ ትደረድራላችሁ። አንድ ሌቭል ሠርታችሁ እንዲጸድቅላችሁ ከፈለጋችሁ፣ ልምድ ያላቸው ሌሎች ሰዎች እያንዳንዷን ክብ ሳይቀር መርምረው አስተያየት መስጠት አለባቸው። ስለዚህ አስተያየት መቀበል የሥራው ግማሽ ነው።

ጌሙ ስህተትን ምን ያህል ይታገሣል? ይህን የሚወስን ከ0 እስከ 10 የሚሄድ ቁጥር አለ፤ እኔ 8 ላይ አደረግሁት። 8 ላይ ከትክክለኛው ቅጽበት 32 ሚሊሰከንድ ብትቀድሙ ወይም ብትዘገዩ ሙሉ 300 ነጥብ ታገኛላችሁ። እስከ 76 ድረስ 100 ነጥብ፣ እስከ 120 ድረስ 50 ነጥብ፤ ከዚያ ካለፈ ስታችኋል። አንድ ሚሊሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ለመግለጥ እንኳ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ ጌሙ ሙሉ ነጥብ የሚሰጣችሁ ከዚያ ባነሰች ክፍተት ውስጥ ነው።

ዘፈኑ ጓደኛዬ በክራር የተጫወተልኝ የሦስት ደቂቃ ቅጂ ነው፤ ችክችካ። ችክችካን በወረቀት ላላያችሁት፦ «አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት» እያለ ነው የሚሄደው፤ ሙዚቀኞች ስድስት ስምንተኛ የሚሉት። እስክስታ የወረደ ትከሻ ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል። ዋናው ምት በደቂቃ 120 ጊዜ፣ ማለትም በየ500 ሚሊሰከንዱ ይመጣል። በሁለት ዋና ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ በእኩል ለሦስት ይከፈላል። 500ን ለ3 ስታካፍሉ ወደ 167 ሚሊሰከንድ ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ።

ሌቭሉን ለሦስት ሰዎች ሰጠሁ። አንዱ ዱባይ የሚሠራ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ነው፤ አንዱ ላብራቶሪ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ ነው፤ ሦስተኛዋ የአክስቴ ልጅ ናት። አስተያየታቸውን ብቻ ሳይሆን ሪፕሌያቸውንም እንዲልኩልኝ ጠየቅሁ። ሪፕሌይ የተጫወቱትን እንዳለ የሚይዝ ፋይል ነው፤ እያንዳንዱ ጠቅታ ስንት ሚሊሰከንድ እንደቀደመ ወይም እንደዘገየ ከእሱ ማውጣት ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅሬታዎች ቀላል ሆነው ተገኙ። የዱባዩ ጓደኛዬ «ሁሉም ነገር ገጥሞ አይገኝም» አለኝ። ጠቅታዎቹን ሳያቸው ከመጀመሪያው ክብ እስከ መጨረሻው በ100 ሚሊሰከንድ ገደማ ይዘገያሉ፤ መጠኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያው ነው። ሌቭሉ ቢበላሽ ኖሮ ሦስቱም ሰዎች ላይ ይታይ ነበር። «የምን ጆሮ ማዳመጫ ነው የምትጠቀመው?» ብዬ ጠየቅሁት። ብሉቱዝ። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ፣ ልኮ፣ መልሶ እስኪፈታው ጊዜ ይፈጃል፤ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ መዘግየት የተለመደ ነው። ፊልም ስታዩ ማጫወቻው ያካክሰዋል፤ የሪትም ጌም ላይ ግን ያጋልጣል። ባለ ሽቦ ሲሰካ ዳነ። እኔ ሌቭሉ ላይ ምንም አልነካሁም።

የላብራቶሪው ልጅ ቅሬታ ሌላ ዓይነት ነበር፦ «መጀመሪያው ጥሩ ነው፣ እየቆየ ነው የሚበላሸው።» የእሱ ስህተት ከአንድ ቦታ ጀምሮ እያደገ ይሄዳል። ነገሩ እንዲህ ነው። ጓደኛዬ ክራሩን ሲጫወት ያለ ሜትሮኖም ነበር፤ ሰው ነውና ሞቅ ሲለው ፈጠን ብሏል። ከ120 ወደ 121 ቢፈጥን፣ በየምቱ መካከል ያለው ጊዜ ከ500 ወደ 495.9 ሚሊሰከንድ ይወርዳል። አራት ሚሊሰከንድ ማንም አይሰማውም። ግን ልዩነቱ በየምቱ እየተደመረ ይሄዳል፦ ከ8 ምት በኋላ 33፣ ከ30 ምት በኋላ ማለትም በ15 ሰከንድ ውስጥ 124 ሚሊሰከንድ። 120 ካለፈ ስታችኋል ብዬ የለ? ዘፈኑን በትክክል የተከተለ ተጫዋች ይስታል ማለት ነው። ዘፈኑ በፈጠነበት ቦታ ሁሉ ፍጥነቱን እንደገና ለክቼ አዲስ መነሻ አስገባሁ፤ አለቀ።

እስከዚህ ድረስ በራሴ ደስ ብሎኝ ነበር። መሐንዲስ ነኝ፣ ቅሬታ ሲመጣ እለካለሁ፣ አስተካክላለሁ። ከዚያ ከ1 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ጀምሮ ያሉት 20 ሰከንዶች መጡ።

እዚህ ቦታ ላይ ሦስቱም ተቸገሩ፤ የሚሉት ግን አይገናኝም። የላብራቶሪው ልጅ «ክቦቹ ተራራቁብኝ፣ አቀራርባቸው» አለ። የዱባዩ ጓደኛዬ «ቀለበቶቹ ዘግይተው ነው የሚደርሱት፣ የቀለበቱን ነገር አስተካክል» አለ። የአክስቴ ልጅ መጀመሪያ «ይፈጥናል» አለች፤ ቀጥላ ያንን የዘፈኑን ነገር ተናገረች።

እንደ ልማዴ ለካሁ። በእነዚያ 20 ሰከንዶች ውስጥ የሦስቱም አማካይ ስህተት ዜሮ አካባቢ ነበር፤ የአክስቴ ልጅማ 1 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው የቀደመችው። በዚህ ተነሥቼ «ሌቭሉ ልክ ነው፣ ቦታው ከባድ ስለሆነ ነው» ብዬ ደመደምኩ። ከባድ ከሆነ ደግሞ ላቅልለው አልኩና የቀለበቱን ፍጥነት ከ9 ወደ 8 ዝቅ አደረግሁ። በ9 አንድ ክብ ከመመታቱ 600 ሚሊሰከንድ አስቀድሞ ይታያል፣ በ8 ደግሞ 750። ተጨማሪ ጊዜ ሰጠኋቸው፣ አይደል?

ባሰባቸው። ለምን እንደሆነ በ167 አካፍሉት፦ 600 ሚሊሰከንድ ሲሆን በአንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የሚታዩት ከአራት ያነሱ ክቦች ናቸው፤ 750 ሲሆን አራት ተኩል ይሆናሉ። ክቦቹ ቀደም ብለው በታዩ ቁጥር ስክሪኑ ይጨናነቃል፤ ዝግ ያለ ቀለበት ሁልጊዜ ቀላል ቀለበት አይደለም። ይህ ቁጥር ደግሞ ለሌቭሉ በሙሉ አንድ ነው፤ የ20 ሰከንዱን ችግር ልፈታ ብዬ ሦስቱን ደቂቃ ነካሁ። ቀጥዬ ክቦቹን አቀራረብኩ፤ «ተደራረቡ» ተባልኩ። መልሼ አራራቅሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ እያፈሰስኩ ብቻ ነበርኩ።

የሚያሳፍረው የማጠናው ትምህርት የቁጥጥር ምህንድስና መሆኑ ነው። በእኛ ትምህርት «ግብረ መልስ» ማለት የአንድን ማሽን ውጤት ለክቶ ወደ መግቢያው መመለስ ነው፤ ሰው ስለ ሥራችን የሚሰጠውን አስተያየትም በዚያው ቃል እንጠራዋለን። አንደኛው ትምህርት ደግሞ ይህ ነው፦ ውጤቱ ዘግይቶ ከመጣና እናንተ በየጊዜው በኃይል ካረማችሁ፣ ነገሩ ይዋዥቃል። በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ጋግሮ የሚያውቅ ያውቀዋል። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይን አላወጣ ሲል ሙቀቱን ትጨምራላችሁ፤ ምጣዱ ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ሁለተኛውም እንደዚያው ይሆናል፤ አሁንም ትጨምራላችሁ፤ ሦስተኛው ላይ የጨመራችሁት ሁሉ ባንዴ ይደርስና ያራል። እኔም በአንድ ሳምንት ሦስት ነገር ቀየርኩ፤ የትኛው ለውጥ ምን እንዳመጣ መለየት አቃተኝ።

ሌቭሉን ዘግቼ ወደ ጥናቴ ተመለስኩ። አንድ ቀን የሴንሰር መረጃ እያየሁ ሳለ አማካዩ ዜሮ የሆነ፣ ነገር ግን ጨርሶ ዜሮ አጠገብ የማይቆም ምልክት ገጠመኝ። አንዴ ወደላይ አንዴ ወደታች ይዘልና ሁለቱ ይጣፋሉ። ያኔ ነው የአክስቴ ልጅ ትዝ ያለችኝ። የእሷን ጠቅታዎች አማካይ አየሁ እንጂ ጠቅታዎቹን መች አየሁ?

ሪፕሌዩን ከፍቼ የ20 ሰከንዱን ጠቅታዎች በሂስቶግራም ሣልኳቸው። ሒሳቡ ትክክል የሆነ ቦታ ላይ ዜሮን የከበበ አንድ ጉብታ ነው የሚጠበቀው። እኔ ያየሁት ሦስት ነው። አንዱ ዜሮ ላይ፣ አንዱ 35 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ፣ አንዱ 35 ሚሊሰከንድ ቀድሞ። ሲደመሩ ዜሮ! ጌሙ ጠቅታዎች ምን ያህል እንደተበተኑ የሚለካ ቁጥር አለው፤ አንስቴብል ሬት ይሉታል፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ በ10 ተባዝቶ ነው። የእሷ በሌላው የዘፈኑ ክፍል 130 ገደማ ነበር፤ እዚህ ቦታ 310። ይህ ቁጥር ከመጀመሪያው ጀምሮ ፊቴ ነበር፤ «ገና ልጅ ናት» ብዬ አለፍኩት።

አሁን ኤዲተሩን ከፈትኩ። ኤዲተሩ ክቦችን የትም ቦታ እንድትጥሉ አያደርግም፤ ምቱን እኩል የሚከፍል ፍርግርግ አለው፣ ክቦቹ በፍርግርጉ መስመሮች ላይ ያርፋሉ። ለሦስት መክፈል፣ ለአራት መክፈል፣ የፈለጋችሁትን ትመርጣላችሁ። ለችክችካ ለሦስት ነው የሚከፈለው፤ እኔም እንዲያ ነው የጀመርኩት። ግን ከ1 ደቂቃ ከ12 በፊት ዋናውን ምት ለሁለት የሚከፍል ጭብጨባ አለ። ለእሱ ብዬ ፍርግርጉን ወደ አራት ቀየርኩ። ከዚያ መመለስ ረሳሁ።

ምን እንዳደረገ እዩት። የክራሩ ድምፆች በ0፣ በ167 እና በ333 ሚሊሰከንድ ይመጣሉ። የአራት ፍርግርግ ያለው ግን 0፣ 125፣ 250 እና 375 ነው። 167 ላይ መሆን የነበረባት ክብ ወደ ቅርቧ ወደ 125 ተሳበች፤ 42 ሚሊሰከንድ ቀደመች። 333 ላይ መሆን የነበረባት ወደ 375 ሄደች፤ 42 ሚሊሰከንድ ዘገየች። ዘፈኑን የተከተለ ሰው አንዷን ዘግይቶ ሌላዋን ቀድሞ ይመታል፤ የሚታገሠው 32 ስለሆነ ሁለቱም ላይ ነጥቡ ይቀነሳል። (ጉብታዎቹ 42 ላይ ሳይሆን 35 ላይ የሆኑት ዓይኗ ቀለበቱን እያየ ትንሽ ስለጎተታት ነው።) እኔ ስጫወተው ያልታወቀኝ ደግሞ በቀላሉ ስለሸመደድኩት ነው። የሠራሁት እኔው ነኛ፤ ጣቴ ከዘፈኑ ይልቅ የገዛ ስህተቴን ለምዷል።

አሁን ወደ ቅሬታዎቹ ተመለሱ። በክቦቹ መካከል ያለው ጊዜ 167፣ 167፣ 167 መሆን ሲገባው 125፣ 250፣ 125 ሆኗል። «ይፈጥናል» — እውነት ነው፤ ጥንዶቹ ከሚገባው በ42 ሚሊሰከንድ ተቀራርበዋል። «ተራራቁብኝ» — እውነት ነው፤ ኤዲተሩ በክቦች መካከል ያለውን ርቀት ከጊዜው ጋር ስለሚያመጣጥን የ250ው ዝላይ ከሚገባው አንድ ጊዜ ተኩል ረዝሟል። «ቀለበቶቹ ዘግይተው ይደርሳሉ» — ይህም እውነት ነው፤ ሦስተኛዋ ክብ ዘግይታለች። ሦስት የማይገናኙ የመሰሉ አስተያየቶች አንድን ስህተት ከሦስት ጎን እያሳዩኝ ነበር። የተሳሳተው የሰጡኝ መድኃኒት ነው፦ አቀራርብ፣ ቀለበቱን ቀይር። እሱም የእነሱ ሥራ አልነበረም፤ ኤዲተሩን የማየው እኔ ነኝ።

የአክስቴ ልጅ ያለችውስ? እሷ አስተያየት ብቻ አይደለም የሰጠችኝ፤ ሙከራ ሠርታለች። 125፣ 250፣ 125 በራሱ የማይለዋወጥ ድግግሞሽ ነው፤ በዓይን ብቻ ከተከተላችሁት ይለመዳል። የሚያሳስተው ጆሮ ሌላ ነገር ሲነግራችሁ ነው። ዘፈኑን ስታጠፋ አንዱን መረጃ ነጥላ አወጣች፣ ውጤቱም ተሻሻለ። ላብራቶሪ ውስጥ የምንሠራው ይህንኑ ነው፦ አንድ ነገር ቀይር፣ ሌላውን አትንካ፣ ልዩነቱን እይ። ዘፈኑ ሲጠፋ ነጥብ የሚጨምር ከሆነ፣ ዘፈኑና ክቦቹ ተጣልተዋል ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። በቁጥርም አረጋገጥኩት፦ ድምፅ ዘግታ የተጫወተችው ሪፕሌይ ላይ ያ 310 ወደ 180 ወርዷል።

ማስተካከሉ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። የቀለበቱን ፍጥነት ወደ 9 መለስኩ፣ ያቀራረብኩትን ወደ ነበረበት መለስኩ፣ የ20 ሰከንዱን ክቦች ብቻ ወደ ሦስት ፍርግርግ አዛወርኩ። ከዚያ የድሮዎቹን ሞካሪዎች ብቻ አልጠየቅሁም። እነሱ ቦታውን ስለሚያውቁት፣ ቢሻሻል ልምምዳቸው ይሁን የእኔ ማስተካከያ መለየት አይቻልም። ሌቭሉን አይታ የማታውቅ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሁለት ጊዜ ተጫወተችልኝ፤ አንዴ በድምፅ፣ አንዴ ያለ ድምፅ። በዚህ ጊዜ ያለ ድምፅ ባሰባት። እሰይ አልኩ፤ ሰው ሲከፋበት ደስ ብሎኝ የማውቀው ያኔ ብቻ ነው።

ያልተቀበልኳቸው አስተያየቶችም አሉ። የላብራቶሪው ልጅ መግቢያው ላይ ክቦች እንድጨምር ይፈልግ ነበር። እኔ ግን እያንዳንዷ ክብ ከአንድ የክራር ድምፅ ጋር እንድትያያዝ ነው የፈለግሁት፤ እዚያ ቦታ ክራሩ ዝም ይላል። ይህንኑ ጽፌ ነገርኩት፤ አልተስማማም፣ ግን ለምን እንደሆነ ገባው። አንድ ተንሸራታች «አላማረኝም» የተባልኩትንም ተውኩት። በሪፕሌዩ ላይ ምንም የማይታይ ቅሬታ የምርጫ ጉዳይ ነው፣ ምርጫው ደግሞ የእኔ ነው። ባይቀየርም መልስ ግን ሰጥቻለሁ፤ ያነበባችሁት እንኳ የማይመስለው ሰው ሁለተኛ አይነግራችሁም።

እንደ አክስቴ ልጅ። ደወልኩላትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ፍርግርጉን፣ 42ቱን፣ ሦስቱን ጉብታ። ሂስቶግራሙንም ላክሁላት። ዝም ብላ ቆየችና፣

«እና እኔ ነበርኩ ልክ?» አለች።

«አዎ፣ አንቺ ነበርሽ። ይቅርታ።»

«ለእማዬ ንገራትማ።»

ነገርኳት። አሁን የራሷን ሌቭል እየሠራች ነው፤ ባለፈው እንድሞክርላት ላከችልኝ። ተጫወትኩና «መሃል ላይ ትንሽ ከበደኝ» ብዬ ጻፍኩላት። ወዲያው መለሰችልኝ፦ «ጋሼ፣ መሃል ማለት ስንተኛው ሰከንድ ላይ? ሪፕሌዩንስ ለምን አልላክኸውም?»